የሮክ ክራውለር ሊንኮችን ማስተካከል፦ ከልኬቱ እስከ ድንጋዩ

ባለ 1/10 መጠን ሮክ ክራውለር፣ ማለትም ድንጋይ ለመውጣት የተሠራ በሪሞት የሚነዳ ትንሽ መኪና፣ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ድንጋይ መውጣት ሲጀምር ከጎን ቆሞ የሚያየው ሰው ችግሩን በዓይኑ ሊያነበው ይችላል። የኋላው ሞላ ይጨመቃል፣ ሻሲው ወደ ኋላ ይቀመጣል፣ የፊት ጎማዎቹም ድንጋዩን ነካ ለቀቅ ማድረግ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ወይ ጎማዎቹ በባዶው ይሽከረከራሉ ወይም መኪናው በጀርባው ይገለበጣል። ይህ ሲደጋገም አብዛኛው ባለቤት የሚያደርገው የፊት አክስሉን በናስ ክብደት ማክበድና ለስላሳ ጎማ መግዛት ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ጎማማ ከሁሉም በፊት የሚመጣ ነገር ነው፤ ሆኖም በደህና ጎማም እየተገለበጠ የሚያስቸግር መኪና ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሊንኮቹ (አክስሉን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች) ሻሲው ላይ የታሰሩበት ቀዳዳ ላይ ነው። አንድ ቡሎን ፈትቶ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ማዛወር ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

መመሪያው የተዘጋጀው ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን በአንድ ወጥ አካል የሚያያይዝ) ላላቸው ሞዴሎች ነው። የአክሲያል ኤስሲኤክስ10 ሁለት፣ በ2017 ለገበያ የቀረበው የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4፣ የቫንኩዊሽ ቪኤስ4-10 እና መሰሎቻቸው አክስላቸው ከሻሲው ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በአራት ሊንኮች፣ አለዚያም በሦስት ሊንኮችና ከጎን ወደ ጎን በሚሄድ አንድ የፓንሃርድ ዘንግ ነው። ሞላው የሚሸከመው ክብደት ብቻ ነው፤ ጎማው ድንጋዩን ቆንጥጦ ሲገፋ ግፊቱ ወደ ሻሲው የሚደርሰው በሊንኮቹ በኩል ነው። ስለዚህ ሊንኮቹ የተዘረጉበት አቅጣጫ ያ ግፊት ሻሲውን ወደ ላይ ያነሣው ወይም ወደ ታች ይጫነው እንደሆነ ይወስናል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን አቅጣጫ ለክቶ ማወቅና በፈለጉት መጠን መለወጥ ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ይሁን። በጂኦሜትሪው ውስጥ ዋጋ ያለው የሊንኩ ቅርጽ ሳይሆን በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት የኳስ መጋጠሚያዎች መሃል ነው። ድንጋይ እንዳይነካው ተብሎ መሃሉ ላይ ወደ ላይ የታጠፈ የታች ሊንክም ሆነ ቀጥ ያለው፣ ጫፎቻቸው አንድ ቦታ ላይ እስከታሰሩ ድረስ መኪናው ላይ የሚያመጡት የጂኦሜትሪ ልዩነት የለም። የታጠፈው የሚሰጠው ከሆድ በታች ያለውን ክፍተት ነው፤ ለዚያ ከሆነ ይግዙት፣ መገልበጥ ያቆምልኛል ብለው ግን አይግዙት።

ቅድመ ዝግጅት

ባትሪውን ያውጡ፤ ከአራቱም ሾክ አብዞርበሮች ላይ ሞላዎቹን ያንሡ፤ ከዚያም አክስሉን በእጅዎ ይዘው ከላይ እስከ ታች፣ እንዲሁም አንዱን ጎማ ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች በማድረግ እስከ መጨረሻው ያንቀሳቅሱት። አክስሉ በራሱ ክብደት ሳይንገራገጭ መውረድ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ቆም የሚል ወይም ገፋ ማድረግ የሚጠይቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በጣም የጠበቀ ቡሎን ነው፤ ቡሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ማሰሪያው የኳስ መጋጠሚያውን ከሁለት ጎን ይጨምቀዋል። ቀጥሎ የሚታየው የሊንኩ ፕላስቲክ ራስ ከማሰሪያው ጠርዝ ጋር የሚጋጭ መሆኑ ነው፤ ይህ የሚገለጠው አክስሉ ሲጣመም እንጂ ቀጥ ብሎ ሲወርድ አይደለም። የታጠፉ ሊንኮች ካሉዎት በእጅዎ ያዙሯቸው፤ ኳሱ ላይ ዞረው ድራይቭ ሻፍቱን (ከካምቢዮው ወደ አክስሉ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ) የሚነኩ ከሆነ በጉዞ ላይም ይነኩታል።

ያረጀ መጋጠሚያ የሚያመጣው ጣጣ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሊንኩን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቁት ኳሱ ቤቱ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ፣ የሚለኩት ቁጥር ሁሉ በዚያው መጠን ይዋዥቃል። የሊንኩን ራስ በአዲስ ይተኩት። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ሞላዎቹን ይመልሱ፤ መኪናውን ለጉዞ እንደሚወጣ አድርገው፣ ባትሪው፣ ቦዲውና ተጨማሪ ክብደቱ ሁሉ እንዳለ፣ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ያቁሙት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅዎ ጫን አድርገው ይልቀቁትና በራሱ ቁመት እንዲረጋ ይተዉት።

ልኬት

የሚያስፈልገው ማስመሪያ፣ ትንሽ የማዕዘን መለኪያ፣ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀትና እርሳስ ነው። ለእያንዳንዱ ሊንክ ጫፍ ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ ከጠረጴዛው እስከ ኳሱ መሃል ያለውን ከፍታ፣ እና ከአክስሉ መሃል ቀጥታ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያለውን አግድም ርቀት። ሊንኮቹ ከላይ ሲታዩ ሰያፍ ስለሆኑ ማስመሪያውን በሊንኩ ላይ አጋድመው አይለኩ፤ ያ የሊንኩን ርዝመት እንጂ ከጎን የሚታየውን ርቀት አይሰጥዎትም። ግራና ቀኙ እኩል ከሆኑ የአንዱን ጎን መለካት ይበቃል።

የክብደት ማዕከሉን ከፍታ ማወቅ ከባድ የሚመስለው ክፍል ነው፤ ግን በአንድ ጣውላ ይገኛል። ሻሲው እንዳይወዛወዝ ሾክ አብዞርበሮቹን ባሉበት ቁመት በፕላስቲክ ማሰሪያ አክስሉ ላይ ጠፍረው ያስሩ። መኪናውን በጣውላው ላይ በአግድም ያቁሙት፤ የታችኛው ጎን ጎማዎች እንዳይንሸራተቱ ቀጭን ዘንግ ከሥራቸው ይቸንክሩ፤ ከዚያ መኪናው በጎኑ ሊወድቅ አፋፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ የጣውላውን አንድ ጎን ቀስ ብለው ያንሡና ማዕዘኑን በስልክዎ ያንብቡ። ከጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ ያለውን ስፋት ግማሽ ለማዕዘኑ ታንጀንት ሲያካፍሉ የሚያገኙት ከመሬት እስከ ክብደት ማዕከሉ ያለው ከፍታ ነው። ስፋቱ 230 ሚሊሜትር የሆነ መኪና በ52 ዲግሪ ላይ ከተገለበጠ፣ 115 ለ1.28 ሲካፈል 90 ሚሊሜትር ይሆናል። ለስላሳ ጎማ ጠርዙ ላይ ስለሚጨመቅ ውጤቱ ጥቂት ሚሊሜትር ሊያስት ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

ወረቀቱ ላይ የሚሰመረው መስመር

የጀርባውን ክፍል ከጎን እንደሚታይ አድርገው በወረቀቱ ላይ ያስፍሩ። የታች ሊንኩን መስመር ወደ ፊት ያራዝሙት፤ የላይኛውንም እንዲሁ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ በነጥብ ያመልክቱ። ነጥቡ አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው አፍንጫ አልፎ ይሄዳል፤ አይግረምዎ። ከዚያ የኋላ ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ተነሥተው በዚያ ነጥብ ውስጥ የሚያልፍ ቀጥተኛ መስመር ያስምሩ፤ ይህ መስመር ከፊት አክስሉ በላይ ሲደርስ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለኩ። ያን ከፍታ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ አካፍለው በ100 ሲያባዙ የሚያገኙት አንቲ ስኳት የሚባለው መቶኛ ነው። 100 ማለት የኋላ ጎማዎች ብቻቸውን ቢገፉ በሊንኮቹ በኩል የሚመጣው ግፊት ሻሲው ወደ ኋላ እንዳይቀመጥ ልክ በልኩ ይደግፈዋል ማለት ነው፤ ከ100 በታች ከሆነ የቀረውን ሞላው ይሸከማል፣ ከ100 በላይ ሲሆን የኋላው ክፍል በግፊቱ ወደ ላይ ይነሣል።

ይህን በቁጥር እንየው። ዊልቤዙ (ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት) 312 ሚሊሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ 90 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ያለ መኪና እንውሰድ። የኋላ የታች ሊንኩ አክስሉ ዘንድ ከአክስሉ መሃል 10 ሚሊሜትር ወደ ፊት ወጥቶ 50 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ፣ ሻሲው ዘንድ ደግሞ 130 ሚሊሜትር ርቆ 62 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ታስሯል። የላይ ሊንኩ ከአክስሉ ልክ በላይ በ84 ሚሊሜትር ተነሥቶ 110 ሚሊሜትር ርቆ ሻሲው ላይም በዚያው 84 ሚሊሜትር ላይ ታስሯል፤ ማለትም ፍጹም አግድም ነው። ሁለቱ መስመሮች ከኋላ አክስሉ 350 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ይገናኛሉ፤ ስሌቱም 83 በመቶ ይሰጣል። አሁን የላይ ሊንኩን የሻሲ ጫፍ ብቻ 6 ሚሊሜትር ዝቅ ያድርጉት፤ መገናኛው ወደ 227 ሚሊሜትር ይቀርባል፣ መቶኛውም ወደ 110 ይወጣል። ያንኑ ጫፍ ከመነሻው 6 ሚሊሜትር ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ መገናኛው ከመኪናው አልፎ እስከ 770 ሚሊሜትር ይርቃል፣ መቶኛውም ወደ 57 ይወርዳል። በሦስት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ልዩነት 12 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የመኪናው ጠባይ ግን ከሞላ ጎደል እጥፍ ይለያያል። ከሁሉም ማስተካከያዎች ይህን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ስናነብ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ክራውለር አራቱም ጎማዎቹ ስለሚገፉ የኋላው ድርሻ ከሙሉው ያንሳል። ከጠቅላላው ግፊት 60 በመቶውን የኋላ ጎማዎች ቢሸከሙ ከላይ ያገኘነው 83 በተግባር ወደ 50 ዝቅ ይላል፤ ዳገቱ እየቀና በሄደ መጠን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የኋላው ድርሻ ተመልሶ ያድጋል። ስለዚህ መቶኛውን እንደ ፍጹም እውነት ሳይሆን አንዱን አሰካክ ከሌላው ጋር ማወዳደሪያ አድርገው ይያዙት።

«መኪናዬ በዝግታ ስለሚሄድ ይህ ስሌት አይመለከተኝም» የሚል ሰው ያጋጥማል። በሜዳ ላይ እውነቱን ነው። ዳገት ላይ ግን መኪናው ባይፈጥንም ጎማዎቹ ያለማቋረጥ ይገፋሉ፤ በ45 ዲግሪ ድንጋይ ላይ መኪናውን ባለበት ለማቆም ብቻ የሚያስፈልገው ግፊት ከክብደቱ 0.71 ያህል ነው። የእሽቅድምድም መኪና ይህን የመሰለ ግፊት ለቅጽበት ያገኘዋል፤ ክራውለር ግን ድንጋዩን ወጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ተሸክሞት ይቆያል።

የኋላውን ማስተካከል

መነሻ አድርጌ የምመክረው ከላይ ባለው ስሌት ከ80 እስከ 100 በመቶ ያለውን ክልል ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው የመጀመሪያ መንገድ የላይ ሊንኩ የሻሲ ጫፍ ነው፤ የታች ሊንኩ የሻሲ ጫፍ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ ከሆዱ ሰሌዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቀላሉ አይነቃነቅም። ሻሲዎ ለላይ ሊንኩ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ በአክስሉ በኩል ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ማሰሪያ መፈለግ ይቻላል፤ በሁለቱ ሊንኮች መካከል አክስሉ ላይ ያለው ቀጥተኛ ከፍታ ግን ከጎማው ቁመት ሩብ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ጎማው 119 ሚሊሜትር ከሆነ ይህ 30 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር አክስሉን ከመዞር የሚያግዱት ሊንኮች የሚሸከሙት ኃይል ይጨምራል፤ መጋጠሚያዎቹም ቶሎ ያልቃሉ።

መቶኛው ከልክ ሲያልፍ የሚታየው ምልክት የማያሳስት ነው። መኪናው ቀጥ ያለ ደረጃ ላይ የፊት ጎማዎቹን አውጥቶ የኋላዎቹን ሊያወጣ ሲል፣ የኋላው ክፍል እንደሚዘል ፍየል ከፍ ይላል፤ ጎማው መያዣውን ይለቃል፣ ሻሲው ይወድቃል፣ ጎማው ደግሞ ይይዝና እንደገና ይነሣል። ይህ መንጠር በተለይ ጎማ አጥብቆ በሚይዝ ድንጋይ ላይ ይብሳል። በዩታዋ የሞዓብ ከተማ ዙሪያ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ጎማ የሚነክስ ነው፤ እዚያ የሚነዳ ሰው ወደ ክልሉ ታችኛ ጫፍ ቢጠጋ ይሻለዋል። ልቅ አፈርና አቧራማ ኮረት ላይ ደግሞ ጎማው ራሱ ብዙ ስለማይገፋ ከፍ ያለውን ጫፍ ይሸከማል። መቶኛው ሲያንስ የሚታየው መግቢያው ላይ የተገለጸው መቀመጥ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጠንካራ የኋላ ሞላ ይገዛና ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል፣ ነገር ግን ጠንካራው ሞላ በሚቀጥለው ጉድጓድ ጎማውን ከመሬት ያነሣበታል።

የፊቱን ማስተካከል

ፊቱ ላይ ስሌቱ ያው ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል፦ መስመሩ ከፊት ጎማው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሰመራል፤ ከፍታውም ከኋላ አክስሉ በላይ ይለካል። የፊት ጎማዎች ወደ ፊት ሲጎትቱ፣ ከአክስሉ ወደ ሻሲው ከፍ እያሉ የሚሄዱ ሊንኮች የሻሲውን አፍንጫ ወደ ታች ይስቡታል፤ ለዳገት የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን ሲገታ የግፊቱ አቅጣጫ ስለሚገለበጥ ያው አሰካክ አፍንጫው እንዳይደፋ ይደግፈዋል። እስከዚህ ድረስ ነጻ ጥቅም ይመስላል።

ዋጋው የሚከፈለው ግን ድንጋዩ አጠገብ ነው። የታች ሊንኩ የሻሲ ጫፍ ከአክስሉ ጫፍ በጣም ከፍ ካለ፣ የፊት ጎማው ድንጋይ ነክቶ ወደ ላይ ሲነሣ አክስሉ በቅስት ስለሚጓዝ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ድንጋዩ ይገፋል። ጎማው ከደረጃው ሥር ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲያቃስት የሚሰማው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የፊት የታች ሊንኮችን ወደ አግድም የቀረቡ አድርጎ፣ የሚፈለገውን ጉተታ በላይ ሊንኩ ማዕዘን ማግኘት የተሻለ ነው። መኪናውን ለመልክ ብለው ከፍ አድርገው የሚያቆሙ ሰዎች በሳስፔንሽኑ ላይ የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል፦ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር አራቱም የታች ሊንኮች ይቆማሉ።

ርዝመት፣ የፒኒየን ማዕዘንና ካስተር

የላይና የታች ሊንኮችን እኩል ማርዘም ዊልቤዙን ይለውጣል፤ አንዱን ብቻ መለወጥ አክስሉን ያዞራል። ቁጥሩ ይህን ይመስላል፦ በሁለቱ ሊንኮች መካከል አክስሉ ላይ 34 ሚሊሜትር ክፍተት ካለ፣ የላይ ሊንኩን 1 ሚሊሜትር ማሳጠር አክስሉን 1.7 ዲግሪ ያህል ያዞረዋል። የኤም 3 (ባለ 3 ሚሊሜትር ቡሎን) ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 0.5 ሚሊሜትር ስለሚሄድ፣ የሊንኩን ራስ አንድ ዙር ማጥበቅ 0.8 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ራሱን ሲያላሉ ግን ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ጥርስ ፕላስቲኩ ውስጥ መቅረቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በታች ከወረደ ረዘም ያለ ሊንክ ያስፈልግዎታል።

ከኋላ፣ የፒኒየኑ (ድራይቭ ሻፍቱ የሚያዞረው የአክስሉ መግቢያ ማርሽ) አፍ በትንሹ ወደ ካምቢዮው ቀና ብሎ ድራይቭ ሻፍቱ በሁለቱም ጫፍ የተመጣጠነ ማዕዘን እንዲኖረው ያድርጉ። ከፊት፣ ነገሩ ሁለት ጌታ ያለው ነው፤ ፒኒየኑን ቀና ባደረጉት ቁጥር ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ አናት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ካስተሩ (የዚያ ዘንግ ወደ ኋላ የማዘንበል መጠን) ይቀንሳል፣ ጎማውም ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል መመለስ ይሰንፋል። አንዳንድ አክስሎች የጫፍ ቤታቸውን ፈትቶ ማዞር ስለሚቻል ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል ይፈቅዳሉ። ያ ከሌለዎት ካስተሩን አስቀድመው፣ ሻፍቱ እስካልተጨናነቀ ድረስ የፒኒየኑን ማዕዘን ይቻሉት። ርዝመት በለወጡ ቁጥር ተንሸራታቹ ድራይቭ ሻፍት አክስሉ እስከ ታች ሲወርድ የማይላቀቅ፣ እስከ ላይ ሲነሣም መሃሉ የማይጋጭ መሆኑን በእጅ ይፈትሹ።

ከላይ ሲታይ

ባለ አራት ሊንክ አክስል ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው የሊንኮቹ ሰያፍነት ነው። በትልልቆቹ መኪኖች የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ልማዳዊ መመዘኛ በላይ ሊንኮች መካከል ያለው ማዕዘንና በታች ሊንኮች መካከል ያለው ማዕዘን ተደምረው ቢያንስ 40 ዲግሪ ይሁኑ የሚል ነው፤ በሞዴሎቹም ላይ ይሠራል። የላይ ሊንኮቹ 110 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ከ80 ወደ 20 ሚሊሜትር የሚጠቡ ከሆነ በመካከላቸው 30 ዲግሪ ያህል ይኖራል፤ የታቾቹ በ120 ሚሊሜትር ርቀት ከ50 ወደ 90 የሚሰፉ ከሆነ 19 ዲግሪ ይጨምራሉ። ድምሩ በቂ ነው። ከዚያ በታች የሆነ መኪና ጎማውን ይዘው ወደ ጎን ሲገፉት አክስሉ ሲንሸራተት ይታያል።

የላይ ሊንኮቹ የሚጠጋጉበት ቦታ ከፍታ ሻሲው ወደ ጎን ሲያዘነብል የሚዞርበትን ነጥብ በግምት ይሰጣል። ይህ ነጥብ ወደ ክብደት ማዕከሉ በቀረበ ቁጥር መኪናው በሰያፍ ድንጋይ ላይ ሲሄድ ሻሲው ወደ ታችኛው ጎን የሚጋደመው ያንሳል። ምሳሌያችን ላይ 84 እና 90 ስለሆኑ ደህና ነው።

የታች ሊንኮች ተዳፋት ሌላም ነገር ያደርጋል፦ አክስሉ ሲጣመም ሳይታዘዝ ይታጠፋል፣ ማለትም ከላይ ሲታይ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። የኋላው አንዱ ጎማ 25 ሚሊሜትር ወደ ላይ፣ ሌላው 25 ወደ ታች ሲሄድ፣ 90 ሚሊሜትር ተራርቀው የታሰሩት የሊንክ ጫፎች እያንዳንዳቸው 12 ሚሊሜትር ያህል ይንቀሳቀሳሉ። በምሳሌያችን ተዳፋት ይህ በሁለቱ ጎኖች መካከል ወደ 2.4 ሚሊሜትር የወደፊትና የወደኋላ ልዩነት ያመጣል፤ አክስሉም 1.5 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ሊንኮቹ አግድም ቢሆኑ ልዩነቱ ዜሮ ነበር። 1.5 ዲግሪ ችግር አይደለም፤ የቆሙ ሊንኮች ያሉት ረጅም መኪና ላይ ግን ከመስመር የሚያወጣ ይሆናል።

ፊቱ ባለ ሦስት ሊንክና ፓንሃርድ ከሆነ

የመሪው ሰርቮ (ጎማዎቹን የሚያጥፈው ትንሽ ሞተር) ሻሲው ላይ በተቀመጠባቸው መኪኖች ፓንሃርድ የግድ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ የፓንሃርዱ ዘንግና ከሰርቮው ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ትይዩና በርዝመት የተቀራረቡ ይሁኑ፤ ካልሆኑ ሳስፔንሽኑ በሠራ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። መኪናው በቆመበት ቁመት ፓንሃርዱ አግድም ይሁን። 110 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው አግድም ዘንግ አክስሉ 25 ሚሊሜትር ሲነሣ ወደ ጎን የሚስበው 2.9 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ሊንክ የማይፈታው፦ የሻሲ መጠምዘዝ

የፊቱን መከላከያ ግድግዳ አስደግፈው ቀስ ብለው ጋዝ ሲሰጡ የሻሲው አንድ ማዕዘን ከፍ፣ ተቃራኒው ዝቅ ካለ፣ ምክንያቱ ድራይቭ ሻፍቱ ሻሲውን ወደ ጎን የሚያጣምም ኃይል ማሳደሩ ነው። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ባለ አራት ሊንክ አሰካክ ይህን አያጠፋውም፤ የላይ ሊንኩን ቀዳዳ እየለዋወጡ የሚደክሙ ሰዎች ድካማቸው ከንቱ ነው። በአክስሉ ውስጥ ያለው የማርሽ ቅነሳ ሲጨምር ለዚያው የጎማ ጉልበት ሻፍቱ የሚሸከመው ኃይል ስለሚያንስ መጠምዘዙም ይቀንሳል፤ እንደ ቲአርኤክስ-4 ጎማው አጠገብ ተጨማሪ ማርሽ ያላቸው የፖርታል አክስሎች በዚህ በኩል የሚሻሉት ለዚህ ነው። ሌላው መንገድ ሾክ አብዞርበሮቹን በአክስሉ ላይ ወደ ውጭ ማራቅ ነው። ሞላዎቹ መጣመምን የሚቋቋሙበት አቅም በመካከላቸው ባለው ርቀት ስኩዌር ያድጋል፤ ከ80 ወደ 100 ሚሊሜትር ማራቅ ሞላውን ሳይለውጡ 56 በመቶ ይጨምራል። የመጣመም ስፋት በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ግን አይዘንጉ።

ሙከራ

መኪናው በጠረጴዛ ላይ ከተስተካከለ በኋላ፣ የሚወድቅበትንም የሚወጣውንም አንድ አንድ ድንጋይ መርጠው በእነዚያው ላይ ብቻ ይፈትኑት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለት ቀዳዳ ባንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው ወይም እንደጎዳው አያውቅም። ከጎን በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ በተለይ የኋላው ሾክ አብዞርበር ዘንግ በዳገቱ መሃል ስንት ያህል እንደወጣ ወይም እንደገባ በቆመ ምስል ማየት ከሪሞቱ ጀርባ ቆሞ ከሚሰማው ግምት እጅግ ይሻላል። ዘንጉ በሙሉ ከገባ የላይ ሊንኩን የሻሲ ጫፍ አንድ ቀዳዳ ያውርዱ፤ በሙሉ ከወጣ ያንሡ። ሞላና ዘይት የሚመረጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከተመረጡ የሊንኩን ስሕተት ይሸፍኑታል።

የመጨረሻው ቦታ ሲታወቅ ብረት ውስጥ የሚገቡትን ቡሎኖች በማጣበቂያ ያስሩ፤ ማጣበቂያው የፕላስቲክ ራሶችን እንዳይነካ ግን ይጠንቀቁ፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። አዲስ የፕላስቲክ ራሶች በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ስለሚለቁ የፒኒየኑን ማዕዘንና የመኪናውን ቁመት ከጥቂት ባትሪ በኋላ መልሰው ይለኩ።